ያልማለው ሰው

አውጫጭኝ የጠራው አዘዘ ነው ሲባል አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። በሦስተኛው ቀን የደባርቁ ዳኛ ጸሐፊያቸውንና ስድስት ጠመንጃ ያዥ አስከትለው ጣሊያን በሠራው መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የሳቁት ሁሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየተራገሙ ከየደጃቸው ወጡ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት፣ ቀኑ ጥር ሃያ ሁለት ነበር። ለፋፊው ከጉብታው ላይ ቆሞ «ወደ ሾላ ሜዳ! ያልመጣ ጥፋተኛ እሱ ነው!» እያለ ይጮኻል።

ነጋ ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቷል። የወይዘሮ ሸዋገነትን በቅሎ ጭኖ፣ እርካቡን ይዞ እመቤቲቱን አውጥቶ፣ አሁን ልጓሙን ጨብጦ ከፊት ከፊት ይራመዳል። ልጃቸው ክንዱ በፈረስ ሆኖ ከኋላ ይከተላል።

«ምነው እንዲህ ትጎትታታለህ? ቀስ በል እንጂ!» አሉት ወይዘሮዋ። «ባሪያ የጠራው ጉባኤ ላይ ቀድሜ ልገኝልህ?»

«እሺ እመቤቴ» አለ ነጋ፤ እርምጃውንም ቀነሰ።

ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰው ነው። በእሱ ዕድሜ ያሉትን የአጥቢያውን ወንዶች ታናናሾቻቸው ሁሉ አያ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እሱ ግን ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ነጋ ነው። ስሙ የወጣለት፣ ከቆላ ነድተው ያመጡት ነጋዴዎች ከፊታውራሪ ግቢ ሲደርሱ ጎሕ ቀዶ ስለነበረ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረውን ስሙን እሱ ራሱም ረስቶታል። ፊታውራሪ የወይዘሮ ሸዋገነት ባል ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ በአርበኝነት ሞተዋል። ነጋ ግን አዋጁ ከወጣ፣ ባርነት ከተሻረ፣ ዓመት ተመንፈቅ አልፎትም ከዚያው ግቢ ከበቅሎዋ ጎን ይተኛ ነበር።

አውጫጭኝ ክፉ ሥርዓት አይደለም። አጥፊው ያልታወቀ በደል ሲደርስ አጥቢያው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ አባወራው ሁሉ ተራ በተራ ቀርቦ መስቀል ስሞ ይምላል፤ ያየውን ወይም የሰማውን በሽማግሌዎቹ ጆሮ ያንሾካሽካል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፤ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ እስክትገኝ ማንም እህል አይቀምስ፣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድ። በዚህ ዓይነት ደካማው ሰው ኃይለኛውን ሳይፈራ ያጋልጣል። ሸጋ ሥርዓት ነው፤ ችግሩ እስከ ዛሬ ባሪያ የነበረ ሰው ጨዋውን ሰብስቦ አስቀምጦ አለማወቁ ብቻ ነው።

የተፈጸመው በደል ይህ ነው። ከአሥር ቀን በፊት፣ በጥር ሚካኤል ሌሊት፣ የአዘዘ ቤትና የጤፍ ክምሩ ነደደ። ሚስቱ ብርነሽ የሁለት ዓመት ልጇን ከእሳቱ ስታወጣ ሁለት እጆቿ እስከ ክርናቸው ተቃጠሉ። ልጁ ተረፈ፤ እጆቿ ግን ከእንግዲህ የወፍጮ መጅ ይይዛሉ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የለም።

አዘዘም እንደ ነጋ ከፊታውራሪ ቤት የወጣ ነው። ጌታው ሲዘምቱ አብሮ ዘመተ፤ ወልቃይት ላይ ሲወድቁ ሬሳቸውን በትከሻው ተሸክሞ አራት ቀን ተጉዞ አመጣ። ጠላት ሲወጣ መንግሥት ከባንዳ ከወረሰው መሬት ቆርሶ ሰጠው። ያ ባንዳ ደግሞ የክንዱ አጎት ነበር። እንግዲህ ነገሩን ማሰብ ነው፤ ለጠላት ያደረው ጨዋ መሬቱን አጣ፤ ለአገሩ የተዋጋው ባሪያ መሬቱን አገኘ። አጥቢያው የመጀመሪያውን በሁለት ዓመት ውስጥ ረሳው፤ ሁለተኛውን ግን ሊረሳው አልቻለም።

ያንን ሌሊት ነጋ ያውቀዋል።

ከጋጣው ተኝቶ ሳለ ክንዱ ፈረሱን በገዛ እጁ ጭኖ ሲወጣ ሰማ። ክንዱ ፈረስ ጭኖ አያውቅም። ሲነጋጋ ተመለሰና፣ ላምባ ላምባ የሚል ጋቢ ከትከሻው አውልቆ ወረወረለት። «እጠበው» አለው። ነጋ ወንዝ ወርዶ አጠበው። ሽታው ለቀቀ፤ የጫፉ ቃጠሎ ግን መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ትቶ ቀረ። ክንዱ ቀዳዳውን አየና ፊቱን አጨማደደ። «እማ እንዳታየው። ያንተ ይሁን፣ ልበሰው» ብሎት ሄደ።

አዲስ ጋቢ ነበር። ለጥምቀት የተሠራ፣ ክንዱ በባሕረ ጥምቀቱ ላይ አገር እያየው ደርቦት የዋለ። ነጋ በዕድሜው አዲስ ጋቢ ለብሶ አያውቅም፤ የሚደርሰው የጌቶቹ ልብስ ተለብሶ፣ ተለብሶ፣ ወንፊት ሲሆን ነው። ለበሰው። ሞቀው። ሞቀኝ ብሎም አፈረ፣ የብርነሽን እጆች እያሰበ። የተቃጠለውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ አሥር ቀን ሙሉ በዚያ ጋቢ ገበያ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ፤ አንድም ሰው ከየት አመጣኸው አላለውም። ጋቢው ተሰውሮ አይደለም። ነጋን ልብ ብሎ የሚያይ ዓይን በአጥቢያው ውስጥ ስላልነበረ ነው። ክንዱም ራሱ ዛሬ ጠዋት ከፈረሱ ሆኖ ያንኑ ጋቢ ከፊት ከፊቱ እያየ መጣ፤ አላየውም።

ሾላ ሜዳ ሲደርሱ ሰዉ ተቀምጧል። ጠመንጃ ያዦቹ ዙሪያውን ከበዋል። ዳኛው ግራዝማች በላቸው ከሾላው ሥር በርጩማ ላይ ናቸው፤ ቀጭን፣ ብስጩ፣ ሆዳቸውን ቀን በቀን የሚያማቸው ሰው። የኋላ ኋላ ስለ ፍትሕ ወዳድነታቸው ብዙ ተወርቷል። ወሬ ነው። አዋጁ የወጣ ሰሞን እሳቸውም አራት ባሪያ ነበሯቸው፤ በአንድ ቀን አሰናብተው በጣት አሻራ አስፈረሙና ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። የሚፈሩት እግዜርን ሳይሆን አጠገባቸው የተቀመጠውን ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊው የጎንደር ሰው ነው፤ የሚጽፈው ሁሉ ወደ ጎንደር ይሄዳል።

አዘዘ ከመሐል ቆሟል። ዝናሩን ታጥቆ፣ ጠመንጃውን ግን ለዳኛው አስረክቦ። ብርነሽ እጆቿን በቅቤ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላ ከኋላው መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«የአገሬ ሰዎች» አለ አዘዘ። «ቤቴ ተቃጠለ። ክምሬ ተቃጠለ። እንደ ማንኛችሁም ደንቡን ጠይቄያለሁ። ያያችሁ ተናገሩ።»

«አንተ ማን ነህና ነው ጨዋ የምታስቀምጥ?» አለ አንዱ ከሰዉ መሐል። «እስቲ አባትህን ጥራ!»

ሳቅ ሆነ። አዘዘ ወደ ተናገረው ሰው ዞረ።

«አባቴን አላውቀውም» አለ። «የአንተን ግን አውቀዋለሁ። ወልቃይት ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰውየው ሊነሣ ሲል ጠመንጃ ያዡ በሰደፍ ትከሻውን ተጫነው። ከዚያ በኋላ የሾላ ሜዳ አየር ቁልጭ ያለ ጥላቻ ሆነ፤ ያም ያም አዘዘን ያያል፣ ይተፋል፣ መልሶ ያያል።

አዘዘ ወደ በቅሎዋ ሲመለከት ዓይኑ ከነጋ ጋር ገጠመ። ሁለቱ ቃል ከተለዋወጡ ዓመት አልፏቸዋል። አዘዘ ግቢውን ጥሎ ሲወጣ «ና ተነሥ፣ እንሂድ» ብሎት ነበር። ነጋ «ክንዱንስ ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ መለሰ። አዘዘ ከእግሩ ሥር ተፋበትና ሄደ። ነጋ ያንን ምራቅ አልረሳም። ክንዱን ጡት ከጣለ ጀምሮ በትከሻው ያሳደገው እሱ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ዋሻ ለዋሻ ያሸሸው፣ ወባ ሲይዘው ደረቱ ላይ ያስተኛው እሱ ነው። ልጁን እንደ ልጁ ይወዳል። አዘዘን ግን አይወድም፤ ያደረገውን እሱ ሊያደርገው ስላልደፈረ አይወድም።

መሐላው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ በአያ የሻው የሚመሩ ሦስት ናቸው፤ ቄስ ዋሴ መስቀሉን ይዘው ከጎናቸው ቆመዋል። የመሐላው ቃል ይህ ነበር፦ «አይቼ ብሸሽግ፣ ሰምቼ ብደብቅ፣ ዘሬ ይጥፋ፣ እርሻዬ አሜከላ ያብቅል።» አባወራው ይምላል፣ መስቀል ይስማል፣ ወደ አያ የሻው ጆሮ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል። አንዳንዱ ለአንድ ቃል ያህል እንኳ አልቆየም። ክንዱም ማለ። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ፣ መስቀሉን ስሞ፣ መፋቂያውን መልሶ ጎረሰ። ወይዘሮ ሸዋገነት መበለት የቤት ራስ ናቸውና እሳቸውም ማሉ። እሳቸው እንኳ በእውነት አያውቁም ነበር፤ ሊያውቁም አልፈለጉም።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሕዝቡ ራበው፤ ርሀቡንም አዘዘ ላይ ጻፈበት። ሁሉ ማለ፣ ወፍ አልመጣችም። አያ የሻው ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግራዝማች፣ ጨዋው ሁሉ ምሏል። ወፍ አልተናገረችም። ምናልባት ባለቤቱ ራሱ እሳቱን ሳያጠፋ ተኝቶ እንደሆን እግዜር ይወቅ። እኛ ግን ንጹሕ ነን።»

«እውነት ነው! ንጹሕ ነን!» አለ ሕዝቡ፤ መነሣትም ጀመረ። ብርነሽ አንገቷን ደፋች። አዘዘም አጥቢያው እንዲህ በአንድ አፍ ከተናገረ ሁለተኛ የሚያዳምጠው ዳኛ እንደማይኖር፣ መሬቱም በሚመጣው ክረምት ከእጁ እንደሚወጣ ገብቶታል።

ግራዝማች ሆዳቸውን ጨብጠው ተነሡ። እሳቸውም መሄድ ይፈልጋሉ። ጸሐፊው ግን ብዕሩን አላነሣም።

«ሁሉም ምሏል ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«ጨዋው ሁሉ ብለዋል፣ ጻፍ።»

«አዋጁ ጨዋ የሚባል አያውቅም፤ ሰው ነው የሚለው። ያ በቅሎ የያዘው ሰውዬ አልማለም።»

ሁሉም ዞሮ ነጋን አየው። ሳቅ ሆነ፤ የራበው ሰው የሚስቀው ዓይነት ረጅም ሳቅ። ግራዝማች ተቆጡ፤ በነጋ ሳይሆን በጸሐፊው። ቢሆንም ጎደሎ ወረቀት ጎንደር እንዲደርስ አልፈለጉም።

«ና አንተ!» አሉ። «አንተስ፣ የምትለው አለህ?»

ነጋ የተጠራው ሌላ ሰው መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ክንዱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እየሳቀ መጥቶ፣ የበቅሎዋን ልጓም ከእጁ ተቀበለው። «ሂድ ማልላቸው፣ ነጋ። በቅሎዋን እኔ እይዝልሃለሁ» አለ፤ አጠገቡ ያሉትም ሆዳቸውን ያዙ።

ነጋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለመናገር አላሰበም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ይዞ ነበር የኖረው። ግን ያ ሳቅ ደረቱ ውስጥ ገባ። ክንዱ አልፈራም። ወደ መስቀሉ የሚልከው ሰው አፍ እንዳለው፣ ጋቢውን የለበሰው እሱ እንደሆነ፣ ለቅጽበት እንኳ በሐሳቡ አልመጣበትም። ቢፈራው ኖሮ፣ በዓይኑ እንኳ ቢለምነው ኖሮ፣ ነጋ ሙሉ ዘመኑን ዝም ይልለት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጋ ሲደርስ ቄስ ዋሴ መስቀሉን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። «በል፣ ከኔ በኋላ» አሉ። «ዘሬ ይጥፋ…»

«ዘር የለኝም አባቴ» አለ ነጋ።

«እርሻዬ አሜከላ ያብቅል በላ።»

«እርሻም የለኝም። በምን ልማል?»

ቄሱ ወደ አያ የሻው ተመለከቱ፣ አያ የሻውም ወደ ሰማይ። ለእንዲህ ያለ ሰው የተዘጋጀ መሐላ በአገሩ አልነበረም።

«ዓይኔ ይጥፋ» አለ ነጋ፣ መሐላውን ራሱ መርጦ። «አይቼ ብሸሽግ ዓይኔ ይጥፋ።» መስቀሉንም ጎንበስ ብሎ ሳመ።

«በል ሂድ እንግዲህ» አሉት አያ የሻው። «የምትለው የለህም።»

«አለኝ።» ያለውንም ነገራቸው፤ ፈረሱን፣ ላምባውን፣ ወንዙን፣ ጋቢውን። አያ የሻው ክንዱን ለሴት ልጃቸው አጭተውት ነበር።

«ምነው ነጋ?» አሉ በለሆሳስ፣ እንደ ወዳጅ እጁን ይዘው። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች። ያሳደገህ ቤት አይደለም ወይ? ይህን አንተም አልተናገርክ፣ እኔም አልሰማሁ። ሂድ፣ በቅሎህን ያዝ።»

ደንቡ እንደሚለው ነጋ መመለስና መቀመጥ ነበረበት፤ ወፍ የምትናገረው ለሽማግሌ ብቻ ነው። ነጋ እጁን ከእጃቸው አላቀቀና በሕዝቡ መሐል አቋርጦ ከሾላው ሥር ሄዶ ቆመ። ድምፁም ከፈራው በላይ ወጣለት።

«ጌታዬ፣ የምትለው አለህ ብለውኝ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው፤ እነሱ ሊነግሩዎ አልፈለጉም። ቤቱን ያቃጠለው ልጅ ክንዱ ነው። ጋቢው ይኸው።»

የታጠፈውን ጫፍ ዘረጋው። መዳፍ የሚያህለው ቀዳዳ፣ ዙሪያው ጥቁር፣ በፀሐዩ ላይ ታየ። ሕዝቡ ያን ጊዜ ነው ጋቢውን ያየው፤ ለጥምቀት ያደነቀውን፣ «ክንዱ አማረበት» ያለውን ጋቢ። አዲስ ጋቢ ነጋ ላይ ምን ይሠራል? መልሱን ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። ክንዱ ወደ ጋቢው አየ፣ ወደ ነጋ አየ፣ መፋቂያውም ከአፉ ወደቀ።

ጩኸት ተነሣ። ድንጋይ ያነሣም ነበር፤ ጠመንጃ ያዦቹ አፈሙዛቸውን አዞሩ። በዚያ ጫጫታ መሐል ወይዘሮ ሸዋገነት ጥላቸውን አጥፈው ወደ ዳኛው ተራመዱ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ግራዝማች» አሉ። «ይህ የኔ ባሪያ ነው። በባሌ ብር የተገዛ፣ በኔ እህል የኖረ። የባሪያ ቃል በጌታው ላይ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰማ?»

«እውነታቸውን ነው!» አለ አጥቢያው፣ እፎይ እንዳለ ሰው። የትናንቱ ሕግ ከወይዘሮዋ አፍ ሲወጣ ሁሉም ቦታው የገባ መሰለው። ስንት ሰው ዛሬም፣ ልጅ ለመዳር ሲነሣ፣ ያንኑ አጥንት በጓዳው ይቆጥራል፤ ያን ቀን ግን በአደባባይ ተቆጠረ፣ ጸሐፊም ነበረ።

ብዕሩ ሲጫር ግራዝማች ሰሙት። ፊታቸው ገረጣ። ይህ ቃል በእሳቸው ጉባኤ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ዳኛው ዝም አለ ተብሎ ጎንደር እንዲነበብ አልፈለጉም።

«ወይዘሮ ሸዋገነት» አሉ ቀስ ብለው። «ቃልዎን ይመርምሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ባርነትን ሽረዋል። ባሪያ አለኝ የሚል ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው። ባሪያዬ ነው ካሉ፣ የዚህን ሰው ቃል እተወዋለሁ፤ እርስዎን ግን አሁኑኑ ይዤዎት እሄዳለሁ፣ ርስትዎም ይመረመራል። ባሪያዬ አይደለም ካሉ ደግሞ፣ እንደማንም የማለ ሰው ነው፤ ቃሉም ቃል ነው። የትኛውን ልጻፍ?»

ወይዘሮዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ክንዱ አሁንም የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ነው።

«እማ» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ባሪያዬ ነው በይ! ምን ያደርጉሻል፣ ሴት ነሽ! በይ እንጂ!»

ወይዘሮ ሸዋገነት ልጃቸውን ይወዱታል፤ ከእሱ በፊት ግን ሰባት ቤት አባቶቻቸው የቆጠሩት ርስት አለ፣ ከእሱ በኋላም ይኖራል። ደግሞ ልጁ አሁን የተናገረውን ሰምተዋል።

«አይደለም» አሉ።

«ምኑ አይደለም?»

«ባሪያዬ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? በግልጽ ይናገሩ፤ ጸሐፊው አልሰማም።»

«ነፃ ሰው ነው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮዋ፣ ምራቃቸው እስኪረጭ። «ነፃ ሰው ነው፣ ጻፍ! ጻፈውና ይንቀልህ!» ከዚያም ጥላቸውን መሬት ላይ ወርውረው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ነጋ ይህን ቃል ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለው ነበር። ደስ አላለውም። ልቡ ውስጥ የተሰማው ሐዘን ነው፤ ንዴትም ነበረበት። ጸሐፊው ጋቢውን ለማስረጃ ከትከሻው ላይ ወሰደበት፤ በእጀ ጠባቡ ብቻ ቀርቶ ብርድ መታው። ከአጥቢያው ሰው ሁሉ አንድ ስንኳ በደግ ዓይን ያየው አልነበረም፤ ማየቱን ግን አዩት፣ ከእግር እስከ ራሱ።

ግራዝማች በዚያው ትእዛዝ ሰጡ። ነገሩ ደባርቅ ይታያል፤ ከሳሽና ተከሳሽም እንደ ልማዱ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ በቁራኛ አብረው ይሄዳሉ።

«ከባሪያ ጋር ልትቋጥሩኝ?» አለ ክንዱ እየተንፈራገጠ።

«ባሪያ የለም ተብሎ ተጽፏል» አለ ጸሐፊው፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

የክንዱን ኩታ ጫፍ ከአዘዘ ኩታ ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። ነጋ ምስክር ነውና አብሮ እንዲሄድ ታዘዘ። ከኋላቸው ሕዝቡ ሲበተን ስድቡ እስከ መንገዱ ተከተላቸው፤ የበዛው በክንዱ ላይ ሳይሆን በነጋ ላይ ነበር። «እንጀራ የበላበትን ቤት ያፈረሰ!» ይላሉ ሴቶቹ።

ዳገቱን ጥቂት እንደወጡ አዘዘ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «አሥር ቀን ለበስከው» አለ።

እውነት ነበር። አዘዘም ማመስገን አልሆነለትም፣ ይቅር ማለትም አልሆነለትም።

ከፍ ብሎ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ክንዱ ቆመ፤ ቋጠሮው ስለያዘው አዘዘም ቆመ። ክንዱ እንባ በጉንጩ ይወርዳል፤ ጡት እንደጣለ ሰሞን ይመስላል።

«ነጋ» አለ። «ምነው? በትከሻህ አሳድገኸኝ፣ ምነው?»

ነጋ፣ ክንዱ ጢም ካወጣ ወዲህ፣ አንተ ብሎት አያውቅም ነበር፤ አሁን አለው።

«አንተን ልጎዳ ብዬ አይደለም» አለው። «የምትለው አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አርባ ሦስት ዓመት እናንተ ቤት ስኖር እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ አንተም አልጠየቅኸኝ። አለኝ አልኳቸው።»

አዘዘ የተቋጠረውን ኩታ ሳብ አደረገው፣ ሦስቱም መንገዱን ቀጠሉ።